ሽሮው ሄደ፤ ምን ተመለሰ?

ባለፈው ክረምት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት የግዢ ክፍል ሠራተኛ ናት። «ዕቃችሁ በደንብ እየሄደ ነው» አለችኝ። ለአዲስ ዓመት ገበያ በርበሬውን በሦስት እጥፍ አድርገን እንድናቀርብ፣ ወደ ሌሎች ቅርንጫፎችም እንድንገባ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ኮረሪማ ትፈለፍላለች። የተባለውን ነገርኳት። ቀና ሳትል «ለማን ነው የምንሸጠው?» አለችኝ።

«ለሱፐርማርኬቱ ነዋ፣ እማዬ።»

«ሱፐርማርኬት ወጥ አይሠራም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልጠፋም። ባልትና ነው የምንሠራው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ የወጥ ቅመም። ሙያው የእናቴ ነው፣ ሽያጩና ሒሳቡ የእኔ። ስለዚህ «ለማን?» የሚለው ጥያቄ በቀጥታ የሚመለከተው እኔን ነው። በአነስተኛ ንግድ የተሰማራን ሰዎች ስንገናኝ ብዙ ጊዜ የምንጠያየቀው «ስንት ሸጣችሁ?» ብለን ነው። «ማን ገዛችሁ? ተመልሶ መጣ? መቼ ከፈለ?» ብለን የምንጠያየቀው ግን ከስንት አንዴ ነው።

ጥያቄውን ከባድ ያደረገው ደግሞ ወቅቱ ነው። በርበሬ የራሱ ጊዜ አለው። ከማረቆም ሆነ ከሃላባ አዲሱ ምርት ወደ መርካቶ በብዛት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። እኛም የዓመቱን ዛላ የምንገዛው ያኔ ነው። ከዚያ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ይደለዛል፣ እንደገና ይሰጣል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል። ይህ ሁሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል? በክረምት ያለን በርበሬ በበጋ ያዘጋጀነው ብቻ ነው። ሦስት እጥፉን ለሱፐርማርኬቱ ከሰጠን፣ በራችን ድረስ ለሚመጡት እስከ አዲሱ ምርት ድረስ የሚተርፍ የለም።

ስለዚህ የቀረበልን ጥያቄ «ብዙ መሸጥ ትፈልጋላችሁ?» የሚል አልነበረም። ያለችውን በርበሬ ለማን እንስጥ ነው ነገሩ።

ሁለት ወረቀት

ማታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር ዘረጋን። አንዱ ሱፐርማርኬቱ በኢሜይል የሚልክልን የወሩ ሪፖርት ነው፤ አትሜዋለሁ። ቅርንጫፍ፣ የዕቃ ኮድ፣ የገባ፣ የተሸጠ፣ ተመላሽ፣ ቀሪ ይላል። ንጹሕ ሥራ ነው። ሁለተኛው የእናቴ ደብተር ነው። ባለ 50 ሉክ ነው፤ ጠርዙ በበርበሬ እጅ ቀልቷል።

ደብተሩ ላይ የሰው ስም እምብዛም የለም። ሰዎቹ የተጻፉት እናቴ በምታውቃቸው ነገር ነው። «የአራተኛ ፎቋ» ይላል፤ ከጎኑ «አተር ይብዛ፣ ሽምብራ አይስማማትም»። «የሪያዷ እናት» ይላል፤ «ኮረሪማ ጨመር፣ በሁለት ላስቲክ»። «ነርሷ» ይላል፤ «ደሞዝ ሲወጣ ትከፍላለች፣ አትጠየቅ»። «ሽሮ ቤቱ» ይላል፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ማታ»። አንዳንዱ መስመር ተሰርዟል፤ ሰዎቹ ሰፈር ቀይረዋል፣ ወይም ሞተዋል። ከአንዷ ስም አጠገብ «ልጇ ትመጣለች» የሚል ተጨምሯል።

እናቴ መነጽሯን አደረገችና መጀመሪያ የሱፐርማርኬቱን ወረቀት ወሰደች። ጣቷን በአንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«እዚች ቅርንጫፍ ላይ አርባ ፓኬት ተሸጧል ይላል። እነማን ናቸው የገዙት?»

«እሱ አይታወቅም።»

«ተመልሰው መጥተዋል ወይስ ሌሎች ናቸው?»

«እሱም አይታወቅም።»

«ይቺ ተመላሽ የምትለዋ ስድስትስ? ምን ሆና ተመለሰች?»

«አልተጻፈም፣ እማዬ። ተመላሽ ብቻ ነው የሚለው።»

መነጽሯን ወደ ደብተሩ አዞረች። ወደ ኋላ እየገለጠች አንድ ገጽ ላይ ቆመች። «አሸዋ አለበት አለች» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ድንጋይ ተወቅሮ ነው» ይላል። ነገሩን አስታወስኩት። የአንድ ቤት ደንበኛችን ሽሮው ጥርሷ ላይ ቆረር አላትና ደውላ ነገረችን። እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ጠየቀች። ለካ የወፍጮው ድንጋይ የተወቀረው የእኛ ሽሮ በተፈጨበት ዕለት ጠዋት ነው። ድንጋይ እንደተወቀረ ወዲያው የሚፈጭ ነገር ብናኝ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ሽሮ ከማስገባታችን በፊት «መቼ ነው የወቀራችሁት?» ብለን እንጠይቃለን። በዚያች አንዲት የስልክ ጥሪ ምክንያት ሥራችን ለዘለቄታው ተሻሻለ።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ አየኋቸው። የሱፐርማርኬቱ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነው፣ ያኮራል። ያቺ «ተመላሽ 6» ግን አሳሰበችኝ። ስድስት ሰዎች፣ ወይም አንድ የመደርደሪያ ሠራተኛ፣ አንድ ነገር አይተውበታል። ነቅዞ ይሆን? ላስቲኩ ተቀዶ? ሽታው ጠፍቶ? ምናልባት እዚያም አሸዋ ይኖር ይሆናል። የምናውቅበት መንገድ የለንም። ሰው የገዛው ነገር ካልጣመው ለሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ቆሞ አያስረዳም። ዝም ብሎ በሚቀጥለው የሌላ ሰው ሽሮ ያነሳል።

ያን ማታ ቁርጥ ብሎ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ስለ መሸጫ መንገድ ስናወራ ዕቃው እንዴት እንደሚወጣ ብቻ ነው የምናስበው። በዚያው መንገድ ግን ሁለት ነገር ወደኛ መመለስ አለበት፤ ብርና ወሬ። ብሩ በጊዜው ካልተመለሰ ሥራው ይቆማል። ወሬው ካልተመለሰ ሥራው እየተበላሸ መሆኑን እንኳ ሳናውቅ እንቀጥላለን። መደርደሪያው ላይ ሽሮው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግረን የለም።

ብሩ በየትኛው ወር ይመጣል?

የብሩን ነገር ደግሞ እንየው። ከሱፐርማርኬቱ ጋር ያለን ስምምነት ዕቃው ተሽጦ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ የሚከፈል ነው። በወረቀት ሁለት ወር ይላል። በተግባር ከዚያም ያልፋል፤ ፈራሚው የለም፣ ደረሰኙ አልተመዘገበም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ይባላል። ለአዲስ ዓመት ያስገባነው በርበሬ ብሩ እጃችን የሚገባው ሲፈጥን ኅዳር መጨረሻ፣ ሲዘገይ ከገና በኋላ ነው። ያ ደግሞ ልክ አዲሱ ዛላ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ ነው። መርካቶ በርበሬ በረንዳ ላይ እንደኛ ላለ ሰው ዱቤ የሚሰጥ የለም። እጅ በእጅ ነው። ብር ያለው መርጦ ይገዛል፣ የሌለው በኋላ የተራረፈውን በውድ ያነሳል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ኪሎ በርበሬ በራችን ላይ በ100 ብር ይሸጣል እንበል፤ ዋጋው ለስሌት ያህል ነው። ለሱፐርማርኬት ስናስረክብ እነሱም ማትረፍ አለባቸውና 80 ብር እንላለን። ከዚያ ላይ ባርኮድ ያለው ማሸጊያ፣ ካርቶን፣ ማድረሻ ይቀነሳል። ተመላሹ በእኛ ነው። የቀረውን ብር ደግሞ ወራት ጠብቀን እንቀበላለን። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የላስቲኩም፣ የነዳጁም፣ የሁሉም ዋጋ ሲወጣ አይተናል። ዘግይቶ የመጣ 80 ብር ያኔ ይገዛ የነበረውን ያህል አይገዛም።

ሱፐርማርኬቱን ለማማረር አይደለም የምጽፈው። እነሱም ኪራይ፣ መብራትና ሠራተኛ አለባቸው። መደርደሪያቸው ላይ ለመግባት ስንል የብቃት ማረጋገጫችንን አስተካክለናል፤ ሚዛናችን ትክክል ሆኗል፤ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ ለምደናል። ይህ ለሁሉም ደንበኞቻችን ጠቅሟል። ሦስት አራት ወር ብር ሳያይ መቆየት የሚችል አቅም ላለው ሰው ሱፐርማርኬት ጥሩ ገበያ ነው። እኛ ያን አቅም የለንም። ለሌላው ትክክል የሆነ መንገድ ለእኛ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ የሚወስነው ኪሳችን ምን ያህል ጊዜ ባዶውን መቆየት እንደሚችል ነው።

ሽሮ ቤቱና ሻንጣዋ

ደብተሩ ላይ ካሉት ሁለቱን በደንብ ላውራ፤ ስለ ደንበኛ ብዙ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ሽሮ ቤት ያለው ሰውዬ መጀመሪያ የመጣው ግማሽ ኪሎ ለመግዛት ነው። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «ኪሎው ስንት ሰሃን ያወጣል?» ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ሌላው ሰው የሚጠይቀው ዋጋ ነው፣ ወይም ቅመሙን። እሱ ወጥ ቤቱ ወስዶ ሠርቶ አየው። ውሃ ያነሳል? ሲንተከተክ ይጓጉላል? ድስቱ ላይ ቆይቶ ይቀጥናል ወይስ እንደያዘ ይቆያል? ከሌላ ቦታ በርካሽ የሚገዛው ሽሮ ውሃ ስለማያነሳ ብዙ ነበር የሚጨርስበት። የእኛ በኪሎ ይወደዳል፣ በሰሃን ግን ይረክሳል። እንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም። የሚፈልገው ሽሮው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። አንድ ቀን በርበሬው ከበዛ ተመጋቢው ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ በነጋታው ይነግረናል።

ከሱ የተማርኩት ሌላው ነገር የቀን አቆጣጠሩ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የሚወስደው ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ነው። በሁዳዴ 55ቱንም ቀን ሽሮ ይፈልጋል። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ አለ፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም አለ። ፋሲካ ሲገባ ደግሞ ድንገት ይቆማል። ያን ሳምንት ሽሮ ማን ያስታውሳል? ያኔ የሚፈለገው የዶሮ ወጥ በርበሬ ነው፤ እሱን የሚገዙት ደግሞ የቤት እመቤቶቹ ናቸው። ሁለቱን ደንበኞች አንድ ላይ ስናያቸው አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይሞቃል። የሠራተኞቻችን ደሞዝ በዓመቱ ውስጥ ሳይቆራረጥ የሚከፈለው በዚህ ነው። ሁሉም ደንበኛችን በርበሬ ገዢ ቢሆን ኖሮ ለበዓል ሰሞን ስንሯሯጥ ከርመን በጾሙ እንቀመጥ ነበር።

«የሪያዷ እናት» ሌላ ዓይነት ናት። ልጇ ሳዑዲ ነው የምትሠራው። መንገደኛ ሲገኝ እናትየው በሩጫ ትመጣለች። እንዲህ ያሉ ብዙ እናቶች አሉን፤ የአንዷ ልጅ ዱባይ፣ የሌላዋ ዋሽንግተን አካባቢ። ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ከዚያ ውስጥ ስንት ኪሎው በርበሬና ሽሮ እንደሆነ ቦሌ ላይ ቆሞ ያየ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው «ለዳያስፖራ ኤክስፖርት አድርጉ» ይለናል። ሐሳቡን ንቄው አላውቅም። አጣርቼዋለሁ። ወደ አሜሪካ ለንግድ ምግብ ለመላክ አምራቹ በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ደግሞ ማሳወቂያ ይላካል። የአውሮፓ ኅብረት በርበሬ ላይ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢ1 የሚባለው ከ5 መብለጥ የለበትም። አፍላቶክሲን ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ዛላ ይዞት ይመጣል፣ በዓይን አይታይም፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ይህ አንድ ቀን የምንደርስበት ሥራ ነው። ዛሬ አይደለም።

ዛሬ ግን ሻንጣው አለ። እዚያ ላይ ገዢዋ ማናት? በላተኛዋ ሪያድ ናት፣ ገዢዋ ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣ እናት ናት። የእሷ ጭንቀት ሌላ ነው። ሽታው ልብሱ ላይ እንዳይወጣ፣ ላስቲኩ እንዳይፈነዳ፣ ልብስ መካከል እንዲገባ ጠፍጣፋ እንዲሆን። ይህን ከነገሩን በኋላ በሁለት ላስቲክ፣ አንድ አንድ ኪሎ፣ ጠፍጣፋ አድርገን ማሸግ ጀመርን። ክረምቱን ለማሳለፍ የመጡ ሰዎች ነሐሴ ውስጥ መመለስ ሲጀምሩ «የሻንጣ አለ?» የሚሉ ስልኮች ይበዛሉ። ለዚህ ማስታወቂያ አልሠራንም። እናቶቹ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ጸበል ጸዲቅ ላይ ሲገናኙ ይነጋገራሉ። ልጁን ውጭ የላከ ሰው ልጁን ውጭ የላከ ሰው ያውቃል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። የበዓል ባዛር ሞክረናል፤ ሰው ይቀምሳል፣ ይገዛል፣ ከዚያ አናየውም፤ የቦታው ኪራይ ደግሞ ከባድ ነው። ቴሌግራም ቻናል አለን። አዲስ ሰው ሲያመጣልን እምብዛም አላየሁም፤ የሚያውቁን ሰዎች ግን እዚያ ላይ ያዛሉ፣ በቴሌብር ይከፍላሉ፤ ብሩ ያኔውኑ ይገባል። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ ዋጋ ሲጠየቅ «ኢንቦክስ አናግሩን» የሚሉ ሻጮችን ልምድ አልወደውም። ዋጋችሁን ጻፉት። ዋጋው የሚከብደው ሰው ያልፋል፣ የሚስማማው ይደውላል፤ ሁለቱም ጊዜያቸውን አያባክኑም። ማድረሱን በተመለከተ፣ ለአንድ ኪሎ ሽሮ ሞተር መላክ አያዋጣም። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን አንዲት ሴት የፎቁን ሰው ትዕዛዝ ትሰበስባለች፤ ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንወስዳለን። የአራተኛ ፎቋ ለብሎኩ ሁሉ የምትሰበስበው እሷ ናት። ለራሷ የምትወስደው ላይ ቅናሽ እናደርግላታለን።

ሁለት ባላ ወይስ ሁለት ዛፍ?

ወደዚያ ማታ ልመለስ። ሁለት ተረት እርስ በርስ ተጣሉብኝ። አንዱ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። በዚህ ከሄድን ሱፐርማርኬቱን መልቀቅ የለብንም፤ ሽሮ ቤቱ ነገ ቢዘጋስ? ሌላው ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። ያለችን በርበሬ አንድ ናት፣ ያለን ጉልበት የሦስት ሰው ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። ሱፐርማርኬቱን እንደ ሁለተኛ ባላ መያዝ ይቻላል፤ ቢነቀል ቤቱን የማይጥል መሆን አለበት። ሦስት እጥፍ በርበሬ ብንሰጠው ግን ዋናው ምሰሶ ሱፐርማርኬቱ ይሆናል። ደብተሩ ላይ ያሉት ሰዎች አራት ወር በርበሬ ቢያጡ ሌላ ቤት ያገኛሉ። ባልትና ሞልቷል። አንዴ ሌላ ቤት የለመደ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

እናቴ ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምራ እየገለጠች እስከ ጥር ማን ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ በግምት ትነግረኝ ጀመር። እኔ እደምራለሁ። አልተጠራጠረችም፤ «ይቺ ለእንቁጣጣሽ አምስት፣ ለገና አምስት»፣ «ይቺ ዘንድሮ ልጇን ትድራለች፣ ሃያ ጻፊ»። ሃያውን ስጽፍ ቆም አልኩ። የትኛው ሪፖርት ነው የአንዲት ሴት ልጅ ኅዳር ላይ እንደምትዳር የሚነግረን? ደምረን ስንጨርስ በቤት ካለው በርበሬ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሱፐርማርኬቱ ከጠየቀው ጋር አይቀራረብም።

በማግስቱ ለግዢ ክፍሏ ልጅ ደወልኩ። በርበሬ እንደማንጨምር፣ ያለውንም እንደምንቀንስ፣ ሽሮ ግን በሁለት ቅርንጫፍ እንደምንቀጥል ነገርኳት። ሽሮ ዓመቱን ሙሉ ጥሬው ይገኛል፣ ብሩ ቢዘገይም ሥራችንን አያቆመውም። ለምን እነዚያን ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ እንደመረጥን ጠየቀችኝ። ቅርብ ስለሆኑ ራሴ እየሄድኩ መደርደሪያውን ማየት እችላለሁ አልኳት። የተመላሹን ምክንያት የሚጽፍልኝ ከሌለ ራሴ ማየት አለብኝ። ዕቃው ከሳሙና አጠገብ ተቀምጦ ሲገኝ ቦታ እንዲቀየርልን እጠይቃለሁ፤ የፓኬቱ ጀርባ ላይም የስልክ ቁጥራችንን በትልቁ ጽፈንበታል። ከዚያ ወዲህ ከመደርደሪያ ገዝተው የደወሉ ሰዎች አሉ። ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ግን ደብተሩ ላይ ገብተዋል።

ቀብድ

ኅዳር ላይ ያደረግነው ነገር የእናቴ ሐሳብ ነው። ዛላ ከመግዛታችን በፊት የደብተሩን ሰዎች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። ከዓመቱ በርበሬ የሚፈልጉትን ያህል ኪሎ ዛሬ ቀብድ ካስያዙ፣ ክረምት ላይ ገበያው ቢወደድም በኅዳሩ ዋጋ እንደሚወስዱ ነገረቻቸው። እቁብ ጥሎ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። ብዙዎቹ እሺ አሉ። የሪያዷ እናት የጎረቤቷንም ጨምራ አስያዘች። አንዳንዶቹ ደግሞ «በርበሬውን ሳላይ ብር አልሰጥም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ አልተጫንናቸውም።

አደጋ አለው። ዋጋ አስረን ሌላው ወጪያችን ከናረ ጉዳቱ የእኛ ነው። ስለዚህ ቀብድ የምንቀበለው ከምናዘጋጀው በርበሬ ከግማሽ ላነሰው ብቻ ነው፤ የተቀረው በጊዜው ዋጋ ይሸጣል። ግን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያው ሲሞላ ብር ይዘን መርካቶ ሄድን። እናቴ ዛላውን እየሰበረች፣ እያሸተተች፣ ፍሬውን እያራገፈች፣ ያልደረቀውን ወደ ጎን እያደረገች መረጠች። ነጋዴው አልተቆጣም። እጅ በእጅ እንደምትከፍል ያውቃል። ዛላው ደህና መድረቁን አይቶ መግዛት የሚቻለው የመምረጥ አቅም ሲኖር ነው፤ ያን አቅም የሰጡን ደብተሩ ላይ ያሉት ሰዎች ናቸው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል የግዢ ክፍሏ ልጅ ደግማ ደወለች። ለፋሲካ በርበሬ እንድናስገባ ትፈልጋለች። በዚህ ጊዜ ከእናቴ ጋር አስቀድመን ተነጋግረንበት ስለነበር መልሱ ተዘጋጅቷል። በርበሬ ካላችሁን ግማሹ ሲረከብ ይከፈለን፣ ቀሪው በወሩ፤ ተመላሽ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ይጻፍልን አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ይሄ በኛ ቤት አልተለመደም፣ ግን አለቃዬን ላናግር» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ከልቧ እንደምትሞክር ገብቶኛል።

ሽሮ ቤቱ በበኩሉ ሁለተኛ ቤት ሊከፍት ነው። ሽሮውን በእጥፍ ይፈልጋል። እናቴ ወዲያው እሺ አላለችውም። አዲሱን ቤት ማን እንደሚያበስልበት ጠየቀችው። አዲስ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ እኛ ጋ መጥታ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ሽሮ ትሠራለች። ከዚያ በኋላ ስለ ኪሎው እንነጋገራለን።